ከሳንጃ ሰው መጥቷል

ትዕግሥት ግቢዬ ውስጥ አንዲቱን ክፍል የተከራየች አስተማሪ ናት። በዚህ ጥቅምት ከጎንደር በተመለሰች ዕለት የመንገዱ አቧራ ከቅንድቧ ሳይራገፍ በራፌ ላይ ቆማ፣ «እትዬ ጥሩ፣ ፍሪጅዎ ይሠራል?» አለችኝ። እጇ ላይ በረዶ የታጨቀባት ትንሽ ሰማያዊ ቦርሳ ነበረች። «መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል» አልኋት። «እንግዲያው ይቺን እስከ ነገ ማታ ያስቀምጡልኝ። በረዶ የሚሠራበት ላይ እንዳይሆን፣ ከታች ነው የተባልሁት» አለችና መሬት መሬት አየች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቲማቲሙን ገፋ አድርጌ አስቀመጥሁላት። በሩን ስዘጋው ግን ከቦርሳዋ የወጣው የስፒሪትና የእርጥብ ጥጥ ሽታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረ፤ እኔም የፍሪጁን እጀታ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት እንዳለፈው አልቆጥርም፤ ፊቴ ግን ያኔ እንደጋለው ጋለ።

የዚያን ዘመን መተማ ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆኜ ስወርድ ሽንሽን ቀሚስና ነጭ ካልሲ ለብሼ ነበር፤ ካልሲው ሳምንት አልቆየም። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነበር የሚተኛው፤ ጎረቤት ሲያስልና ሲገላበጥ ይሰማል፣ በከተማው ምስጢር የሚባል ነገር የሚቆየው እስኪመሽ ድረስ ብቻ ነበር። ወደ ገላባት በሚያሻግረው ድልድይ አፍ ላይ ሱዳናውያቱ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ በትናንሽ ብርጭቆ ይሸጡ ነበር፤ ስኳሩ ከታች ተከምሮ በማንኪያ የሚበላ ነው። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ነጋዴዎች ሳሙናና ሽቶ በአህያ ያመጣሉ። ድንበሩ አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፈታል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም፣ እኛም አንጠይቅም። ሲከፈት ገበያው ላይ የሚሰቀለውን ቶብ ነው የማስታውሰው፤ ሱዳናውያት ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ስስ ጨርቅ። እኔም አንድ ውሃ ሰማያዊ ነበረኝ። ከሎሪ ማቆሚያው ማዶ፣ ዛሬ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች በተደረደሩበት ጥግ ላይ፣ የወይዘሮ አልጋነሽ መጠጥ ቤት ነበር። በነጭ ጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። በአጨዳ ሰሞን ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ሠራተኛው ይጎርፋል፤ ሳሉግ እንላቸዋለን። በረንዳው ሁሉ መኝታ ይሆናል። በየመንገዱ የሚዘፍኑት የሰውን ስም እያነሡ ነው፤ ማን ሰከረ፣ ማን ምግብ ነፈገ፣ ማን ሚስቱ አባረረችው፤ ሁሉም ግጥም ይወጣለታል። እኔ ሰው ሲዘፈንበት እስቅ ነበር።

ማሩን ያገባሁት እዚያው ነው። ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ የሚያርስ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ አንተ እለዋለሁ፤ ሰው ፊት አንቱ ነው። እናቱ ሳንጃ ነበሩ፤ እሳቸውን ሲያነሣ ድምፁ ይለሰልሳል። ዓመታት አለፉ፣ ልጅ አልመጣም። መጀመሪያ ሴቶቹ «ምነው ዘገየሽ?» አሉኝ፤ ቀጥሎ «ጠበል ሞክረሻል?» አሉኝ፤ በመጨረሻ መጠየቁን ተዉት፤ የከበደኝ እሱ ነው። ክርስትና ሲጠሩኝ ሕፃኑን የሚያስይዘኝ ጠፋ። እኔም ሳህን ማጠብ አበዛሁ፤ ሳህን የምታጥብ ሴት እጇ እርጥብ ስለሆነ ሕፃን እንድትይዝ አትጠየቅም።

ለሕክምና ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሄድሁት በሀዋ ምክንያት ነው። ሀዋ የገላባት ነጋዴ ናት፤ አማርኛዋ እንደ እኛው ነው፣ ሳቋ ግን ድንበር ተሻግሮ ይሰማል። «መካን የሚባል ሴት የለም፤ እንቁላሏ ያልበሰለላት ሴት ናት ያለችው። እህቴ በመርፌ ነው የወለደችው» አለችኝ። ማሩ «ከፈለግሽ ሂጂ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሐኪሙ ሽበታም፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ነበር። እየተመላለስሁ በየቀኑ ጭኔ ላይ ተወጋሁ፤ እግሬ እንደተነጨ ዶሮ ገላ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆነ። ያረፍንበት የሀዋ እህት ቤት ማታ ማታ ሬዲዮኑ የኦምዱርማን ዘፈን ያንቆረቁራል፤ እኔ አንሶላ ስር ሆኜ ሆዴን እነካለሁ፤ እንደ ተነፋ ፊኛ ተወጥሮ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ በማሽን አየና አንድ ነገር ተናገረ። ሀዋ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ ተረጎመችው፤ «በስሏል ይላል! አሁን እንቁላሉን የሚፈታ አንድ መርፌ ይሰጥሻል። አገርሽ ገብተሽ ሐሙስ ማታ ትወጊያለሽ። ዓርብ ማታ ባልሽ ከጎንሽ ከሌለ መርፌው ውሃ ነው ይላል። በገመድ እሰሪው!» ሴቶቹ እያጨበጨቡ ሳቁ። ቶቤን ወደ ዓይኔ ሳብሁት። ከሳቁ ይልቅ ያሳሰበኝ ዓርብ የሚለው ቃል ነው። ዓርብ ጾም ነው። ማሩ ጾም የሚያከብር ሰው ነው፤ በአጨዳ ሰሞን ደግሞ እርሻው ላይ ነው የሚያድረው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ከረጢቱ ፈንድቶ መሬት ይረግፋል። ይህን እሱ ነው ያስተማረኝ።

መርፌው ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ፣ በበረዶ ተከቦ ተሻገረ። መተማ ስደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ ስለነበር ወይዘሮ አልጋነሽ ዘንድ ገባሁ። ጠጪዎቹ ዞረው አዩኝ። «እመይቴ፣ ለማታ ይቀመጥልኝ» አልሁ። ቢራዎቹን ገፋ አድርገው እያስገቡ «ምንድን ነው?» አሉኝ። «የዓይን መድኃኒት ነው።» ከኋላዬ አንዱ፣ «ይሄ የዓይን መድኃኒት ቢራ ለምዶ እንዳይወጣ» አለና ተሳሳቁ። ማታ የጤና ጣቢያው ድሬሰር እቤቱ ወጋኝ፤ ስፒሪት ያለበትን ጥጥ እዚያው ይዤ ቆየሁ። መርፌው ገባ፤ የቀረው ማሩ ነው።

ሰው ልላክበት ብዬ አሰብሁ። ግን ምን ብሎ ይንገረው? እውነቱን ለመልእክተኛ መንገር አልችልም። ዓርብ ጠዋት ራሴው ሎሪ ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ ከኋላ ባዶ ጆንያና ሁለት በርሜል ውሃ ነበር። መንገዱን ሁሉ የማስበው ሠራተኛው ፊት ምን እንደምል ነበር። ታምሜያለሁ ብል ቆሜ ሄጃለሁ፤ ማን ያምነኛል? ቢሮ ትፈለጋለህ ብል የቢሮው ሰው እኔው ነኝ፣ ነገ ይደረሳል ይለኛል። ዳገቷን ስንወጣ አንድ ነገር መጣልኝ፤ የእናቱ አገር ሰው እንግዳ ሆኖ መጥቷል ብለው እንግዳ ጥሎ አይቀርም፤ ጨዋ ነው። ውሸቱ ትንሽ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብዬ ተጽናናሁ። ሰሊጡ ግማሹ ታጭዶ ነዶው በየቦታው ቆሞ ነበር።

ራኩባ ስር፣ በሣር በተከደነችው ዳስ፣ ምሳ ላይ ደረስሁባቸው። ሴት በአጨዳ መካከል እርሻ ላይ አትታይም፤ ስለዚህ ከሎሪው ስወርድ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። እርሻውን የሚያስተዳድርለት ወኪሉ አዳነ ቀድሞ ተነሣ። ማሩ ጉርሻውን እንደያዘ አየኝ።

«ጥሩ! ምነው? ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ቤት ይፈለጋሉ።»

«ማን ነው የሚፈልገኝ?»

«ሰው መጥቷል። ከሳንጃ።»

«ከሳንጃ ማን?»

«ቤት ሲደርሱ ያዩታል» አልሁ።

ይህን ካልሁ በኋላ ነው ምን እንዳልሁ የገባኝ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሞተ አይባልም፤ ሰው መጥቷል፣ ቤት ትፈለጋለህ፣ ስትደርስ ታያለህ ይባላል፤ የተጠራውም ሰው ያኔውኑ ያውቃል። እኔም ስንት ጊዜ በዚሁ ቃል ሲነገር ሰምቻለሁ። ጉርሻው ከማሩ እጅ ወደቀ። አዳነ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እናቴን!» አለ ማሩ። «እናቴን፣ እኔ ሳልቀብራት!»

ደረቱን እየደቃ ተነሣ። በሕይወቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ሳሉጎቹ ከማዕዱ ተነሡ፤ አንዱ ጀመረ፣ ሁሉም ተከተለ። የማሩን እናት አንዳቸውም አያውቋቸውም፤ አገራቸውን ጥለው የከረሙ ልጆች ስለነበሩ እያንዳንዱ የራሱን እናት ያለቀሰ ይመስለኛል። እኔ ነጠላዬን ጨብጬ መካከላቸው ቆሜያለሁ።

«አልሞቱም» አልሁ። ማንም አልሰማኝም።

«ይተዉት እሜቴ፣ ይውጣለት» አለኝ አዳነ።

«አልሞቱም እኮ ነው የምልህ!»

«እሺ፣ ታመዋል እንበለው» አለ፤ እሱም ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

«አልታመሙምም!» ብዬ ጮህሁ።

እንዲያ ጮሄ አላውቅም። ለቅሶው እንደ ተዘጋ ሬዲዮ ቆመ። ማሩ እንባው ጢሙ ላይ እንደቆመ፣ «ከሳንጃ የመጣው ማነው ታዲያ?» አለኝ።

«የመጣ ሰው የለም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን መጣሽ?»

ወደ ሎሪው ልሩጥ አሰብሁ። ሾፌሩ ሳይቀር ወርዶ ያዳምጣል። ሌላ ውሸት ብፈልግ አጣሁ። መሬት እያየሁ፣ «መርፌውን ትናንት ተወግቻለሁ። ሐኪሙ ዛሬ ማታ ቤቱ ይደር ብሏል» አልሁ።

ነፋሱ የነዶውን ጫፍ ሲያንኮሻኩሽ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንድ የጎጃም ልጅ፣ ጉንጩ ገና እርጥብ እንደሆነ፣ «ወይ ጉድ! እንባችንን በከንቱ ጨረስነው!» አለ። ሌላው፣ «ደግሞ በዓርብ!» አለ። ሳቁ ፈነዳ። «ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ! የቀረውን ለቅሶ እኛ እንጨርሰዋለን!» አዳነ ሊቆጣቸው ሞከረ፤ የሱም ከንፈር አልታዘዘውም። ማሩ ጋቢውን አንሥቶ ሎሪው ላይ ከኋላ፣ በርሜሎቹ መካከል ወጣ። እኔ ከሾፌሩ ጎን ገባሁ። ሎሪው ሳይንቀሳቀስ ዘፈኑ ተጀምሮ ነበር፦

ሰሊጡ ሳይወቃ፣ ነዶውም ሳይራገፍ፣
እሜቴ ከተፍ አለች ባሏን ልታሳርፍ።
ዓርብን አልታገሠች ቅዳሜን ጠብቃ፣
ባሏን ይዛው ሄደች ከሥራው ላይ ነጥቃ።

ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ መተማ እስክንደርስ መንገዱን ብቻ ነው ያየው።

የዚያን ማታ ማሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። እግሩን ታጥቦ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓርብ ስለሆነ ይሁን፣ ስላፈረ ይሁን፣ ወይም እናቱን አንድ ጊዜ ገድሎ አልቅሶ ስለጨረሰ ይሁን አልጠየቅሁትም። እኔም እጄን አልዘረጋሁም። ሆዴ እንደተወጠረ ነጋ። ጠዋት፣ «በዓይኔ ካላየኋት አላምንም» ብሎ ወደ ሳንጃ ሄደ። እናቱ ጥጥ ሲፈትሉ አገኛቸው፤ «ምነው ከሳህ?» ብለው እንደተቆጡት በኋላ ነገረኝ። ሲመለስ የመርፌው ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ነበር። ድንበሩም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ሲከፈት ሀዋ ወደ ሌላ አገር ሄዳለች አሉኝ፤ እኔም ሌላ ሐኪም አልፈለግሁም። ከዚያ መርፌ የተወለደው ዘፈኑ ብቻ ነው።

ዘፈኑ አደገ። ገበያ ወረደ፣ ሠርግ ገባ። ጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ ዘበኛው ደጅ ያንጎራጉረዋል፤ እኔ መውጣቴን ሲያይ ያስላል። የነፍስ አባቴ ጆሮ ሲደርስ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ዓርብን ስለምን አፈረሳችሁ?» አሉኝ። አላፈረስንም ብል ቀጥሎ የሚመጣውን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ባሌ ፊቱን አዞረብኝ ብዬ ለቄስ ልነግር ነው። ዝም አልሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ ላልሠራሁት ኃጢአት ሰግጄ ጨረስሁ። ማሩ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣው፤ በመጨረሻው ሕመሙ ጎንደር ተኝቶ ሳለ ነው። ሾርባ ይዤ ስገባ ነርሷ ጉሉኮስ ትቀይርለት ነበር። ዓይኑን ገለጠና፣ «እሜቴ ከተፍ አለች» አለ፣ በቀስታ። ፈገግ ያለ ይመስለኛል። ነርሷ «ምን አሉ?» አለችኝ። «ውሃ ጠማኝ ነው የሚለው» አልኋት። የዚያን ጊዜም አፍሬ ነበር፤ ሞት አልጋው አጠገብ ቆሞ እኔ የማፍረው በዘፈን ነበር።

ዘፈኑ ዛሬም አልሞተም። እሜቴ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ግን ጠፍቷል። የትዕግሥት ባል አማረ ትራክተር ነጂ ነው፤ ቧንቧው ስር ሲታጠብ የሚዘፍነው ያንኑ ነው። እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ።

እና በዚህ ጥቅምት ትዕግሥት ቦርሳዋን ካስቀመጠች በማግሥቱ ማታ መጥታ ወሰደችው፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተወጋች። በማግሥቱ ከሰዓት ግቢ ስወጣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታገላብጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አማረ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኋት። እንዲህ ጠይቄያት አላውቅም።

«ኮኪት ነው፣ እትዬ። የያዙትን ማሳ ሲጨርሱ እመጣለሁ ብሏል።»

«መቼ ይጨርሳሉ?»

«እሑድ።»

«ሐኪሙ ለመቼ ነው ያለሽ?»

አንገቷ ቀላ። «ለዛሬ» አለች ስልኳን እያየች። «ሁለት ጊዜ ደወልሁለት። ሰዎች አጠገቡ ናቸው፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። በመጀመሪያው እንዴት ዋልህ ብዬ ዘጋሁት። በሁለተኛው ዘይት ይዘህ ና አልሁት።»

«ዘይት?»

«ሌላ አልመጣልኝም፣ እትዬ!» ብላ ሳቀች፤ እንባዋ በሳቁ መካከል ወረደ። «ጎንደር ስመላለስ የከረምሁት ለዛሬ ነው። እንደገና መሄድ አልችልም፤ መንገዱንም ያውቁታል።»

እጄን ዘረጋሁ። «ስልኩን አምጪው። ደውይልኝና ስጪኝ፤ አንቺ ግቢ።» ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከበሩ ኋላ ቆማ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ። ስልኩ ብዙ ጠራ። የትራክተሩ ሞተር ከድምፁ ቀድሞ መጣ።

«ሃሎ! ትዕግሥቴ፣ ስንት ሊትር ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ጥሩወርቅ።»

«እትዬ ጥሩ?» ሞተሩን አጠፋው። ድምፁ ወዲያው ወረደ። «እርስዎ? ምነው? ማን ሞተ?»

በዕድሜዬ ሁሉ ሳስበው የኖርሁት መልስ አፌ ላይ ነበር።

«ማንም አልሞተም። የታመመም የለም። የመጣ እንግዳም የለም። ሚስትህ መርፌዋን ትናንት ተወግታለች፤ ዛሬ ማታ ቤትህ ማደር አለብህ። እሑድ አይሆንም።»

ዝም አለ። የሰማሁት ግን የእሱን ዝምታ ብቻ አልነበረም። ብዙ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ኖሯል። ከዚያ ሳቁ እንደ ዱሮው ፈነዳ፤ «አማረ፣ ውረድ! ውረድ ከትራክተሩ!» የሚል ተሰማ፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ከኋላ፣ ሳይዘገይ፣ «እሜቴ ከተፍ አለች» ብሎ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት።

«መጣሁ፣ እትዬ» አለ አማረ በሳቁ መካከል። «የወኪሉን ሞተር ሳይክል ይዤ መጣሁ።»

ስልኩን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ቤቴ ገባሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም አልገለጥሁትም። እንዲያ እንዳለሁ ሞተር ሳይክሉ በር ላይ ደርሶ ድምፁ ጠፋ፤ ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር።